ያለ ዋጋ ስለሚሰጠው የባዕድ ቋንቋ ትምህርት

የባዕድ አገር ቋንቋ ማወቅ ለመንግሥት ሥራም ሆነ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚጠቅም መሆኑ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት አባ እንባቆም ከየመን መጥተው ግዕዝን በትጋት ተምረው እስከ ደብረ ሊባኖስ እጨጌነት ደረሱ፤ የበረላምንና የይዋሴፍንም መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱልን። ሊቃውንቶቻችን አንቀጽ በአንቀጽ የሚተረጕሙት ፍትሐ ነገሥትም ከዐረብኛ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። ዳግማዊ ምኒልክም በ1901 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ባቋቋሙ ጊዜ ከግብጽ መምህራንን አስመጥተው ለአገሩ ልጆች የውጭ አገር ቋንቋ እንዲያስተምሩ አደረጉ። በዚያን ዘመን አንድ የኢትዮጵያ ልጅ ፈረንሳይኛ ያውቅ ዘንድ ወይ መምህሩ ባሕር መሻገር ነበረበት፤ ወይ ልጁ ራሱ ባሕር መሻገር ነበረበት። ሦስተኛ መንገድ አልነበረም።

አሁን ግን ሦስተኛው መንገድ ከተከፈተ ሰንብቷል። ማንም ሰው በቤቱ ተቀምጦ፣ ለመምህር ደመወዝ ሳይቈርጥ፣ በእጁ በያዘው ስልክ አማካይነት የፈለገውን ቋንቋ መጀመር ይችላል። ዱዎሊንጎ የሚባለው የስልክ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 ለሕዝብ የተከፈተ ነው፤ መሥራቾቹም በጓቴማላ የተወለደው ሉዊስ ፎን አንና የስዊስ አገር ተወላጁ ሰቨሪን ሃከር ናቸው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ ሥርጭቱ በአገራችን የታወቀው የጀርመን ድምፅ፣ ኒኮ የሚባል አንድ ወጣት ጀርመን አገር ገብቶ የሚደርስበትን ሁሉ በተንቀሳቃሽ ሥዕል እያሳየ ጀርመንኛን ከመጀመሪያው እስከ መካከለኛው ደረጃ ያስተምራል። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1943 በራዲዮ የጀመረውን የእንግሊዝኛ ትምህርት በኢንተርኔት ቀጥሎበታል። የአሜሪካ መንግሥት ለዲፕሎማቶቹ ያዘጋጃቸው አሮጌ የቋንቋ መጻሕፍትም ከነድምፃቸው ለሁሉ ክፍት ሆነዋል፤ ከነዚህም አንዱ እ.ኤ.አ. በ1964ና በ1965 የታተመው የአማርኛ መማሪያ ነው። እንግዲህ አንድ የውጭ አገር ሰው አማርኛን ያለ ዋጋ ለመማር ቢፈልግ ከ60 ዓመት በፊት የተሰናዳ መጽሐፍ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ስለዚህ ሁሉ ስጦታ ምስጋና ይገባል። ሆኖም ያለ ዋጋ ማስተማር ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር አድርጎ የሚያደንቅ ሰው ቢኖር የገዛ አገሩን ትምህርት ቤት የረሳ ሰው ነው። የኔታ ከተማሪው ደመወዝ ጠይቀው አያውቁም። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሹን ለምኖ ይመጣል፤ መምህሩም ያላቸውን ዕውቀት ሳይሰስቱ ይሰጡታል። ፊደል ከቈጠረ በኋላ በግዕዝ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እያለ አንዱን መጽሐፍ ደጋግሞ ይወጣዋል። ቅኔ ቤት ሲገባ ደግሞ ግሱን በቃሉ ያጠናል፤ ሌሊት በጨለማ ያጠናውን ጧት በመምህሩ ፊት ያቀርባል። ግዕዝ በአፍ መነጋገሪያነቱ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖት ሳለ፣ ዛሬም በዚያ ቋንቋ አዲስ ቅኔ የሚዘርፍ የ20 ዓመት ወጣት የሚገኘው በዚህ ዓይነት ትምህርት ነው። በእውነቱ በዓለም ላይ ይህን የሚያህል የቋንቋ ትምህርት ቤት ብዙ አይገኝም።

ነገር ግን በዚያ ትምህርት ቤት ያለ ዋጋ ማለት ያለ ድካም ማለት አልነበረም። ከጎጃም ተነሥቶ ጎንደር ድረስ በእግሩ የሄደ ተማሪ በሦስተኛው ሳምንት «ሰለቸኝ» ብሎ አይመለስም፤ የመጣበት መንገድ ራሱ ያስረዋል። በስልክ የሚሰጠው ትምህርት ግን በአንድ ጣት ተገብቶ በአንድ ጣት የሚወጣበት ቤት ነው። ማንም አያስገድድም፤ ማንም አይቈጣም፤ የቀረም ተማሪ ስሙ አይጠራም። የዚህ ትምህርት ትልቁ ጕድለት የመምህሩ ዕውቀት ማነስ አይደለም፤ ተማሪውን የሚያስር ነገር ማጣቱ ነው።

አዘጋጆቹም ይህን ጕድለት ሳያውቁት አልቀሩም። ስለዚህ ተማሪው ሳያቋርጥ ያጠናበትን ቀን የሚቈጥር ሥርዓት አበጅተዋል፤ አንድ ቀን የዘለለ እንደ ሆነ የሰበሰበው ቍጥር ይጠፋበታል። ዱዎሊንጎም የማስታወሻ መልእክቱን የሚልከው በአንዲት አረንጓዴ ጉጉት ምስል ነው። (ጉጉት በእኛ አገር የመርዶ ወፍ ተብላ የምትፈራ ስለ ሆነች፣ በመሸ ጊዜ ከስልክ ውስጥ ብቅ ብላ «ዛሬ አላጠናህም» ስትል ደስ የማይላቸው ሽማግሌ ቢኖሩ አንፈርድባቸውም።) የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ራሱ ፈረንሳይኛን በዚህ መንገድ ከ200 ቀን በላይ ሳያቋርጥ ተምሯል፤ ቍጥሩንም ለወዳጆቹ እያሳየ ጥቂት ኰርቷል። ከዚያ በኋላ አንድ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ እንግዳ በመሥሪያ ቤት ደረጃ ላይ አግኝቶት የአንድ ክፍል መግቢያ ወዴት እንደ ሆነ ቢጠይቀው፣ በአፉ የመጣለት «ልጁ ፖም ይበላል» የሚል ብቻ ሆነ። እንግዳው በትሕትና ፈገግ ብሎ በእጁ እያመለከተ ጠየቀ፤ እኛም በእጃችን እያመለከትን መለስንለት። 200 ቀን የደከምንበት ትምህርት በምልክት ተፈጸመ።

ነገሩን በሒሳብ ብናየው ግን የሚያስገርም ሆኖ አይገኝም። ቀደም ብለን የጠቀስነው የአሜሪካ የዲፕሎማቶች ትምህርት ቤት ከብዙ ዓመት ልምዱ እንዳወጣው ግምት፣ አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ፈረንሳይኛን ለሥራ በሚበቃ መጠን ለማወቅ በክፍል ውስጥ 30 ሳምንት ወይም 750 ሰዓት ያኽል ያስፈልገዋል። ስዋሂሊ 36 ሳምንት፣ አማርኛ 44 ሳምንት፣ ዐረብኛ ደግሞ ከቻይንኛ፣ ከጃፓንኛና ከኮሪያኛ ጋር 88 ሳምንት ይወስዳል። ይህም ትጉህ ተማሪ፣ ልምድ ያለው መምህርና ጥቂት ሰው ያለበት ክፍል ሲገናኙ ነው። በስልኩ በቀን 10 ደቂቃ የሚያጠና ሰው በዓመት የሚያገኘው 61 ሰዓት ያኽል ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን 750 ሰዓት ለመሙላት ከ12 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ «በቀን ጥቂት ደቂቃ ብቻ» የሚለው ማስታወቂያ ውሸት ባይሆንም ዓመቱን ሳይነግሩ ደቂቃውን ብቻ መንገር ነው።

እንግዲህ ስልኩን እንጣለው ማለታችን ነውን? አይደለም። ስልኩ የሚያውቀውን ሥራ ይሥራ ማለታችን ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው የጀርመን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰው ያጠናውን ነገር አብዛኛውን ፈጥኖ እንደሚረሳ፤ ነገር ግን ጊዜ እየሰጠ ደጋግሞ ቢከልሰው እንደሚጸናለት በራሱ ላይ መርምሮ አሳይቷል። ይህ ለቅኔ ቤት ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ የትናንቱን ሳይከልሱ የዛሬውን መቀበል በዚያ ቤት ነውር ነው። መኪና ደግሞ ይህን ከሰው ይልቅ አስተካክሎ ይሠራዋል፤ የትኛው ቃል መቼ እንደ ተረሳ አይስትም፤ አይታክተውም። ቃላትን ማስጠናት፣ ፊደልን ማስለየት፣ የቋንቋውን ድምፅ መቶ ጊዜ ደጋግሞ ማሰማት ለስልክ የተገባ ሥራ ነው። መነጋገርን ግን ከሚነጋገር ሰው በቀር የሚያስተምር የለም።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን በአገራችን ታሪክ የታወቀው የሂዮብ ሉዶልፍና የአባ ጎርጎርዮስ ነገር ነው። ሉዶልፍ የጀርመን ሊቅ ነበር፤ ገና ወጣት ሳለ ግዕዝን በዚያን ጊዜ በአውሮፓ ከሚገኙት ጥቂት መጻሕፍት ለብቻው አጠና። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ሄዶ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ጋር በተገናኘ ጊዜ ግን የመጽሐፍ ዕውቀቱ ለመነጋገር ሳይበቃው ቀረ። ከዚያ በኋላ የአምሐራው ሰው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ወደ ጎታ መስፍን አደባባይ ተጠርተው ሄደው ከሉዶልፍ ጋር ተቀመጡ፤ እያንዳንዱን ቃል፣ እያንዳንዱን የአገር ስም፣ የንግግሩንም አገባብ ጠይቆ ተረዳ። ከተለያዩም በኋላ በግዕዝ ደብዳቤ እየተጻጻፉ ትምህርቱን ቀጠሉ፤ ከሩቅ መማር ማለት በዚያ ዘመንም ነበረ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ተሰብሮባቸው ዐረፉ። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ግን የእሳቸው ድካም ፍሬ ነው። መጽሐፉ መንገዱን ከፈተ፤ ሰውየው አስገባው። ዛሬም ስልኩ የሉዶልፍን መጽሐፍ ቦታ ይዟል፤ የአባ ጎርጎርዮስ ቦታ ግን ባዶ ነው።

እዚህ ድረስ የተናገርነው ለማናቸውም አገር ሰው የሚሆን ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን የእኛ ነገር ስለ ሆነ ሹማምንትና ሊቃውንት አባቶቻችን በማስተዋል እንዲያዩት እንለምናለን።

ያለ ዋጋ የሚሰጠው ትምህርት ሁሉ መግቢያ በር አለው፤ በሩም ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። ጀርመንኛ ወይም ዐረብኛ ለመማር የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ አስቀድሞ የእንግሊዝኛ ማብራሪያውን ማንበብ ይገባዋል። ከፍተኛ ትምህርት ለጨረሰ ሰው ይህ ችግር አይደለም። የባዕድ ቋንቋ እጅግ ቸግሮት የሚያለቅሰው ሰው ግን ማን ነው? ከገጠር ተነሥታ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሪያድ ለቤት ሥራ የምትሄደው ልጅ ናት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቍጥር 923 ለዚህ ሥራ የሚሄድ ሰው ቢያንስ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ከገጠር ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ አማርኛ ታነባለች፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የዐረብኛ ሰዋስው ግን ታነባለች ማለት ዘበት ነው። ስለዚህ ያለ ዋጋ ነው የተባለው ትምህርት ለእርሷ በዋጋም የማይገኝ ሆነባት። አሠሪዋ የሚላትን ሳትሰማ በጥፋተኝነት ትከሰሳለች፤ ታማ ሐኪም ፊት ብትቀርብ የት እንዳመማት መናገር አትችልም። «ከአነጋገር ይፈረዳል» ይባላል፤ አንደበት የሌለው ሰው በምን ይፈረድለታል?

ዱዎሊንጎ እ.ኤ.አ. በ2025 148 አዳዲስ ትምህርቶችን ባንድ ጊዜ መክፈቱን ባስታወቀ ጊዜ ከማስተማሪያዎቹ ቋንቋዎች መካከል አማርኛ አልነበረበትም። በዚሁ መተግበሪያ ውስጥ ግን ለፊልም ሥራ የተፈጠሩ፣ በምድር ላይ ሕዝብና አገር የሌላቸው ቋንቋዎች በ2017ና በ2018 እ.ኤ.አ. ትምህርት ተሰናድቶላቸዋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ አማርኛን የአፍ መፍቻ ያደረገው ሰው ከ21 ሚሊዮን በላይ ነበር። ይህን ሰምቶ ባዕዱን ለመውቀስ መቸኰል ግን ትክክል አይደለም። እነዚያን ለፊልም የተፈጠሩ ቋንቋዎች የሚያስተምረው ክፍል የተሠራው በበጎ ፈቃደኞች ነው። መተግበሪያው ከ2013 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ በፈቃዳቸው ለሚደክሙ ሰዎች በሩን ከፍቶ ነበርና፤ የስዋሂሊውም ትምህርት በዚያ ዘመን ተሰናድቶ በ2017 ወጥቷል። በሩ ተከፍቶ ሳለ ያልገባነው እኛ ነን። የአሜሪካ መንግሥት ከ60 ዓመት በፊት ሠራተኞቹ አማርኛ እንዲያውቁ በቁም ነገር ደክሞ መጽሐፍ ሲያሳትም፣ እኛ ዜጎቻችን በብዙ ሺህ የሚሄዱበትን አገር ቋንቋ ከአማርኛ ተነሥቶ የሚያስተምር፣ በስልክ የሚሰማና ለሁሉ የተከፈተ በቂ ትምህርት እስካሁን አላደረጀንም። ትንንሽ የቃላት መጻሕፍት በመንገድ ዳር ይሸጣሉ፤ ከባዶ እጅ ይሻላሉ፤ ድምፅ ግን የላቸውም።

ይህ ሥራ ቢጀመር ደግሞ ከምናስበው ይልቅ የቀለለ ሆኖ እናገኘዋለን። ዐረብኛ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ 88 ሳምንት የሚፈጅ ጭንቅ ነው ብለናል። ግዕዝ ለሚያውቅ ሰው ግን ዐረብኛ የአጎት ልጅ ነው። ቤት በዐረብኛ በይት፣ ዐይን ዐይን፣ ነፍስ ነፍስ፣ ርእስ ረእስ፣ አብ አብ፣ እም ኡም፣ ስም ኢስም፣ ሞት መውት፣ ኮከብ ከውከብ ነው። ግሱም እንደ እኛው ሦስት ፊደል መሠረት አድርጎ ይረባል፤ «ቀተለ» ለግዕዝም ለዐረብም አንድ ነው። ዕብራይስጡም ከዚህ አይርቅም፤ ባይት፣ ዐይን፣ ኔፌሽ፣ ሮሽ፣ አቭ፣ ኤም፣ ሼም እያለ ይቀጥላል። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1949 «ኡልፓን» የሚባለውን የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት ለአዲስ መጤዎች ከከፈተች ወዲህ ወደዚያ የገቡት ቤተ እስራኤል ወገኖቻችንም ይህን ዝምድና በጆሯቸው ሰምተውታል።

ከሁሉም የሚያስደንቀው የፊደሉ ነገር ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ በአማርኛ አፍ አንድ ሆነውብናል፤ አና ዐም እንደዚሁ። ልጆቻችን «አንድ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች ለምን እንጽፋለን» ብለው ሲጠይቁ ሰምተናል። ዐረብኛ ግን እነዚያን ድምፆች ለያይቶ ጠብቋቸዋል። በግዕዝ «ሐዲስ» ያልነው በዐረብኛም በሐመሩ ሐ ይነገራል፤ ወንድምን «እኁ» ያልነው በዐረብኛ «አኅ» ሆኖ ከጕሮሮ ይወጣል፤ ዐይን ያልነውም በዓይኑ ዐ ነው። ስለዚህ የዐረብኛን መጻፊያ ለአማርኛ አንባቢ የሚያስረዳ መምህር ባዕድ ምልክት መፍጠር አያስፈልገውም፤ የረሳነውን ፊደል ድምፅ መመለስ ብቻ ነው። የካህናት ልጆች ለዚህ ሥራ ከማንም ይልቅ የተሰናዱ ናቸው የምንለው ስለዚህ ነው። ሌላም አለ፤ አውሮፓውያን ዐረብኛ ሲማሩ «ቀ»ንና «ከ»ን መለየት ስለሚቸግራቸው «ልቤ» ለማለት ፈልገው «ውሻዬ» ሲሉ ይሣቃል፤ በዐረብኛ ልብ ቀልብ፣ ውሻ ከልብ ነውና። የእኛ ሰው ግን ቀልብንም ያውቃል፤ በግዕዝ ከልብንም ያውቃል፤ የዐረቡ ቀ ከእኛው ቀ ጋር ፍጹም አንድ ባይሆንም ሁለቱን አደባልቆ አይሳሳትም። በእንግሊዝኛ የተጻፈው መማሪያ ይህን ስሕተት ለማረም ብዙ ገጽ ያጠፋል፤ ለእኛ ያ ሁሉ ገጽ ትርፍ ነው። በአንጻሩ ለእኛ የሚያስፈልገውን የሐንና የዐን ነገር ከፊደላችን ጋር አገናኝቶ ሊነግረን አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ይገባል። በመጻሕፍት የሚገኘው ዐረብኛ በገበያና በማዕድ ቤት የሚነገረው አይደለም። «ምን ትፈልጊያለሽ» የሚለውን መጽሐፉ «ማዛ ቱሪዲን» ይላል፤ በቤይሩት «ሹ ብድክ»፣ በኩዌት «ሽተቢን» ነው። ቀልብ የተባለው ልብም በሊባኖስ አፍ «አልብ»፣ በባሕረ ሰላጤው አፍ «ገልብ» ይሆናል። የመጽሐፉን ብቻ አጥንታ የሄደች ልጅ ቃሉን እያወቀች ሳትሰማው ትቀራለች። ይህን ልዩነት ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት በእነዚያ አገሮች ዓመታት ሠርተው የተመለሱት ሴቶች ናቸው። ዲፕሎማ የላቸውም፤ የቤይሩትን ወይም የኩዌትን ማዕድ ቤት ቋንቋ ግን በአዲስ አበባ ከእነርሱ አብልጦ የሚያስተምር ሰው ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እነርሱን በመምህርነት መቅጠር ለሠሩትም ክብር፣ ለሚሄዱትም መድኅን ነው።

«ስልኩ ራሱ ይተረጕም የለምን? ለምን እንደክማለን?» የሚሉ አሉ። ጉግል የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 አማርኛን ከሚተረጕማቸው ቋንቋዎች ጨምሯል፤ ከዚያም ወዲህ ሥራው እየተሻሻለ ሄዷል። የሚጠቅም መሣሪያ መሆኑን አንክድም፤ እኛም በየጊዜው እንጠቀምበታለን። ነገር ግን የቤት ሠራተኛ ወደ አሠሪዋ ቤት በገባች ጊዜ በብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚወሰድባት ስልኳ ነው። በአፏ ያለውን ቃል ግን የሚወስድባት የለም።

ይህ ሁሉ ስለ ድኻ ልጆች ብቻ የተነገረ መስሎት ራሱን ነጻ የሚያደርግ ሹም እንዳይኖር፣ ስለ መሥሪያ ቤቶችም ጥቂት እንበል። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት፤ ኅብረቱም በሥራ ቋንቋነት ከሚገለገልባቸው መካከል ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ፖርቱጋልኛና፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የተጨመረው ስዋሂሊ ይገኛሉ። በጅቡቲ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ፣ በሱዳን ዐረብኛ፣ በኬንያ ስዋሂሊ ይሠራባቸዋል። ብዙዎቹ ጎረቤቶቻችን በራቸውን በሌላ ቋንቋ ዘግተው ሳለ እኛ እንግሊዝኛን ብቻ ይዘን እናንኳኳለን። አንድ መሥሪያ ቤት በሳምንት ሦስት ቀን አንዳንድ ሰዓት ከሥራው ቈርጦ፣ ያንኑ ያለ ዋጋ የሚገኘውን ትምህርት ባንድ ክፍል ውስጥ በኅብረት ቢያስጠናና ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ሰው ከፊት ቢያቆም፣ የስልኩ ትምህርት ያጣውን ማሰሪያ ያገኛል። ለብቻው የሚያጠና ሰው ሲቀር ማንም አያይም፤ ከባልንጀሮቹ ጋር የሚያጠና ግን ስሙ ይጠራል። ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አለቃው ራሱ በክፍሉ ውስጥ ከተማሪዎቹ ጋር መቀመጡ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚበላሸውም በዚህ ነው።

ያለ ዋጋ የሚለው ቃል የሚደብቃቸውን ወጪዎችም መንግሥት ሊያስብባቸው ይገባል። ለኢንተርኔቱ መስመር ይከፈላል፤ መብራትም የሚጠፋበት ቀን አለ። ለፈተናውም ይከፈላል፤ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጀርመን ከሚኖረው ባሏ ዘንድ ለመሄድ የምትፈልግ ሚስት፣ ጥቂት ሰዎች በሕግ ነጻ ከመደረጋቸው በቀር፣ የመጀመሪያውን ደረጃ ጀርመንኛ ማወቋን በምስክር ወረቀት ማሳየት አለባት። ትምህርቱን ከኒኮ ጋር ያለ ዋጋ ብትጨርስም ፈተናው በገንዘብ ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና የወረዳ ትምህርት ቤቶች ከሰዓት በኋላ በራቸውን ቢከፍቱ፣ ትምህርቶቹም አስቀድመው ከኢንተርኔት ወርደው በዚያ ቢቀመጡ፣ የመስመሩ ወጪ ለብዙ ሰው ይቀልለታል።

ዐረብኛን ከአማርኛ ተነሥቶ የሚያስተምረው ክፍል እንዲሠራ የሚያስፈልጉት ሰዎች ሁሉ በአገሩ ውስጥ አሉ፤ ጕድለቱ አልተገናኙም። ግዕዝ የሚያውቅ የቅኔ መምህር፣ ዐረብኛ የሚያውቅ የዩኒቨርሲቲ ሰው ወይም የመስጊድ ሼኽ፣ ከቤይሩትና ከኩዌት የተመለሱ ሁለት ሴቶች፣ ድምፅ የሚቀዳ አንድ የራዲዮ ሠራተኛ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ሥራው በአንድ ዓመት ውስጥ መልክ ይይዛል። የመጀመሪያውን ትምህርት ሲያሰናዱ ግን አደራ የምንላቸው ነገር አለ፤ ልጁ ፖም እንዲበላ አያድርጉ። ከመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዐረፍተ ነገሮች መካከል «አሞኛል፤ ሐኪም ጥሩልኝ»፣ «የዚህ ወር ደመወዜ አልተከፈለኝም»፣ «ፓስፖርቴ የት ነው?»፣ «የኢትዮጵያ ኤምባሲ በየት በኩል ነው?» የሚሉት ይገኙባቸው፤ በሴት ድምፅ፣ በሊባኖስና በባሕረ ሰላጤው አነጋገር ሁለት ጊዜ ይቀዱ፤ የአውሮፕላኑ ትኬት ሳይቈረጥም በእያንዳንዷ ተጓዥ እጅ ይድረሱ።